ጠይቁ፣ ከዚያ አብራችሁ ሂዱ

የአእምሮ ጤና ነርስ ነኝ። ኑሮዬም ሥራዬም ጉለሌ ነው። ከመደበኛ ሥራዬ ጎን ለጎን ራስን ማጥፋትን ስለ መከላከል ለዕድሮች፣ ለወረዳ ሠራተኞች፣ ለጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዎች፣ ለልብስ ስፌት ፋብሪካና ለቢሮ ሠራተኞች ሳሠለጥን ቆይቻለሁ። ከሽሮ ሜዳ እስከ ሸጎሌ፣ ከእንጦጦ ግርጌ እስከ ጳውሎስ፣ በየአዳራሹና በየዕድር ቤቱ የተማርኩትን ነው እዚህ የማሰፍረው። ነገ በሰፈራችሁ ወይም በመሥሪያ ቤታችሁ እንዲህ ያለ ሥልጠና ለማዘጋጀት ካሰባችሁ ይጠቅማችኋል ብዬ አምናለሁ።

የቅርቡን ቁጥር ማስቀደም

የዓለም ጤና ድርጅት በዓለም ላይ በየዓመቱ ከ720,000 በላይ ሰዎች ራሳቸውን እንደሚያጠፉ ይናገራል። ከ15 እስከ 29 ዓመት ባለው ዕድሜ ሦስተኛው የሞት ምክንያት ነው። ይህን ስናገር ሰዉ ያዝናል፣ ራሱን ይነቀንቃል፣ ግን የሌላ አገር ወሬ ይመስለዋል። ስለዚህ ቡታጅራን አስቀድማለሁ። ዶክተር አታላይ ዓለምና ባልደረቦቻቸው በቡታጅራ አካባቢ ከ10,000 በላይ አዋቂዎችን ጠይቀው በ1999 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት ጥናት፣ ከመቶ ሰዎች ሦስት የሚሆኑት በሕይወት ዘመናቸው ራሳቸውን ለማጥፋት ሞክረው እንደሚያውቁ ተናግረዋል። በብዛት ከተጠቀሱት ምክንያቶች መካከል የትዳርና የቤተሰብ ጠብ ይገኙበታል። ከዚያ የዕድሩን መዝገብ ያዡን «ስንት አባወራ አላችሁ?» እላለሁ። «ሦስት መቶ» ሲሉኝ፣ የቡታጅራው ለኛም ቢሠራ ባልና ሚስቱን ብቻ ቆጥረን ወደ ሃያ የሚጠጋ ሰው መካከላችን አለ ማለት ነው እላቸዋለሁ። አዳራሹ ውስጥ ሰው እርስ በርሱ መተያየት የሚጀምረው ያኔ ነው።

ጥያቄውን በአፍ ማለማመድ

ከሁሉም በላይ ጊዜ የምሰጠው ለዚህ ነው። በየትኛውም አዳራሽ የሚነሳው ፍርሃት አንድ ዓይነት ነው፦ «ያላሰበውን ባሳስበውስ?» የተደረጉ ጥናቶች ግን በቀጥታ መጠየቅ ሐሳቡን እንደማያመጣ ያሳያሉ። እንዲያውም ሐሳቡ ካላቸው ሰዎች ብዙዎቹ ያን የሚጠይቃቸው ሰው ሲጠብቁ የቆዩ ናቸው። ይህን ማስረዳት ቀላል ነው። ከባዱ ሰው ቃሉን ከአፉ እንዲያወጣው ማድረግ ነው። እኛ ዘንድ «ራስን ማጥፋት» የሚለውን ቃል መጥራት በራሱ ሟርት ይመስላል። ስለዚህ ሁለት ሁለት እያደረግሁ አለማምዳለሁ።

አንድ ቀን በሽሮ ሜዳ አካባቢ አንዲት በዕድሜ የገፉ የዕድር አባል ከአንዲት ወጣት የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያ ጋር ተጣምረው ነበር። ወጣቷ የተከፋች ጎረቤት ሆና ትጫወታለች።

«ልጄ፣ ሰሞኑን ፊትሽ ጠቁሯል። ምነው?»

«ደህና ነኝ እማማ፣ እግዚአብሔር ይመስገን።»

«ይመስገን። ግን ቡና ስጠራሽ መቅረት ጀምረሻል። ያን ደህናውን ቀሚስሽን ለጎረቤት ሰጠሽ ሲሉም ሰማሁ።»

«ምን ያደርግልኛል ብዬ ነው።»

እዚህ ላይ አሮጊቷ ዝም አሉ። ነጠላቸውን አስተካከሉ። ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «ልጄ፣ ራስሽን ለማጥፋት እያሰብሽ ነው?» አሉ። ከኋላ አንድ ሰው «በስመ አብ!» ሲል ዞር ብለው፣ «እኔ ካልጠየቅኋት ማን ይጠይቃታል?» ብለው መለሱለትና ወደ ልምምዳቸው ተመለሱ።

ከዚህ ሁሉ ልምምድ የያዝኩት ነገር ቢኖር የአጠያየቅ ጉዳይ ነው። ብዙ ሰው ሲጀምር «እንዲህ ያለ ነገርማ አላሰብክም አይደል?» ይላል። እንዲህ የተጠየቀ ሰው የሚመልሰው «ኧረ በፍጹም» ብቻ ነው። ጠያቂው ምን መስማት እንደሚፈልግ አስቀድሞ ነግሮታልና። «እንደዚህ ሲጨንቃቸው ራሳቸውን ለማጥፋት የሚያስቡ ሰዎች አሉ፤ አንተስ አስበሃል?» ሲባል ግን በር ይከፈታል። «አዎ» የሚል መልስ ከመጣም መደንገጥ፣ መቆጣት፣ ወዲያው «ኃጢአት ነው» ማለት አይጠቅምም። «ስለነገርከኝ ደስ ብሎኛል፤ ንገረኝ» ማለት ይበቃል። ምክሩ ይቆይ፣ መስማቱ ይቅደም።

ከዕለት ተዕለት ምሬት መለየት

«ምነው በሞትኩ»፣ «አፈር በበላሁ»፣ «ከሞት በምን ተሻልኩ» እኛ ሰፈር ታክሲ ሲጠፋም ይባላል። ሠልጣኞች «ታዲያ ማንን ልንጠይቅ ነው?» ማለታቸው ተገቢ ነው። የምሰጣቸው መለያ ለውጥ ነው። የማይቀር ሰው ከቤተ ክርስቲያን፣ ከመስጊድ፣ ከዕቁብ መቅረት ሲጀምር፤ የሚወደውን ዕቃ ሲያድል፤ ያለ ምክንያት ይቅርታ እየጠየቀ ሲሰናበት፤ እንቅልፍና ምግብ ሲያጣ፤ መጠጥ ሲያበዛ፤ ለሰው ሸክም እንደሆነ ደጋግሞ ሲናገር። ሲጨነቅ የከረመ ሰው በድንገት ሲረጋጋም «ተመስገን፣ ተሻለው» ብሎ ከመተው ቀርቦ መጠየቅ ይሻላል። ከተጠራጠራችሁ ጠይቁ። በከንቱ የጠየቃችሁት ሰው የሚያጣው ነገር የለም።

ዕድር ያለው አቅም

ዕድር ለቀብርና ለድንኳን ብቻ የሚመስለው ብዙ ነው። እኔ ግን በየወሩ የሚሰበሰብ፣ የየቤቱን ችግር የሚያውቅ፣ ሰው የሚያምነው ሌላ ተቋም በጉለሌ አላየሁም። በዚምባብዌ ዶክተር ዲክሰን ቺባንዳ በ2006 እ.ኤ.አ. ሐራሬ ውስጥ አያቶችን አሠልጥነው በጤና ጣቢያ ደጃፍ አግዳሚ ወንበር ላይ ከተጨነቁ ሰዎች ጋር እንዲነጋገሩ አድርገዋል። በ2016 የታተመው ጥናት እነዚያን አያቶች ያነጋገሩ ሰዎች የድባቴና የጭንቀት ምልክታቸው እንደቀነሰላቸው አሳይቷል። እኛ ዘንድ አያቶቹም፣ ቡናውም፣ ሰው የሚሰበሰብበት ቀንም አለ።

ዕድር ውስጥ የሚያጋጥመው ከባድ ጉዳይ ግን የሐዘን ነው። በኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን ሥርዓት ሆን ብሎ ራሱን ላጠፋ ሰው ፍትሐት አይደረግም። ቤተሰብ ይህን ስለሚፈራ «ድንገት ነው»፣ «ልቡ ነው» ብሎ ይቀብራል። ሐዘኑ ላይ ምስጢር ይደረብበታል። ለቅሶ ደራሹም ይጠረጥርና ቶሎ ቶሎ ይወጣል። እናት ልጇን አጥታ፣ ስሙን እያነሳች ማልቀስ እንኳ ታፍራለች። እንዲህ ያለ ቤት ራሱ ለሌላ ሞት የቀረበ ነው። በአንድ ሥልጠና ላይ ይህ ሲነሳ አንድ የንስሐ አባት፣ ሰውየው አእምሮው ታሞ ከነበረ ካህናቱ ይህንን መጠየቅና ማየት አለባቸው፣ ቤተሰቡም ደብቆ ከመቅበር ለንስሐ አባቱ እውነቱን መንገር አለበት አሉ። እኔ ስለ ቀኖና ለመናገር አቅሙ የለኝም። የማውቀው ያ ቀን ካለፈ በኋላ ሁለት ቤተሰቦች ለየብቻ መጥተው ለዓመታት ያልተናገሩትን መናገራቸውን ነው።

ከዚያ ወዲህ ካህን ወይም ኢማም በሌለበት የሰፈር ሥልጠና አልጀምርም። ለአብዛኛው የጉለሌ ሰው የመጀመሪያው አማካሪ የንስሐ አባቱ ነው፤ የሙስሊም ጎረቤቶቻችንም መጀመሪያ የሚሄዱት ወደ ሼሁ ነው። የእንጦጦ ማርያምና የእንጦጦ ኪዳነ ምሕረት ጸበልም እዚሁ ከላያችን ነው፤ የተጨነቀ ሰው ወደዚያ መውጣቱ አይቀርም። «ጸበሉን ተውና መድኃኒቱን ያዝ» ያልኩት ሰው አይሰማኝም። «ጸበሉን ጠጣ፣ መድኃኒትህንም አታቋርጥ» ያልኩት ግን ይሰማኛል። በኤች አይ ቪ ጊዜ አቡነ ጳውሎስ ይህንኑ መንገድ አሳይተውን አልፈዋል፤ ጸበልና መድኃኒት አብረው እንደሚሄዱ በይፋ ተናግረዋል።

«አጼ ቴዎድሮስስ?»

ወጣቶች ባሉበት ሥልጠና ይህ ጥያቄ የማይነሳበት ጊዜ ጥቂት ነው። ጥያቄው በቅንነት የሚቀርብ ስለሆነ አላጣጥለውም። ንጉሠ ነገሥቱ በ1860 ዓ.ም. መቅደላ ላይ ነበሩ፤ ሠራዊታቸው ተበትኖ፣ የጠላት ጦር አምባውን እየወጣ። ታሪካቸውን ከዘመናቸው ጋር እናክብረው። አዲሱ ገበያ በአንዲት ኪራይ ቤት ውስጥ በውርርድ ዕዳ የተጨነቀ የሃያ ሁለት ዓመት ልጅ ግን መቅደላ ላይ አይደለም። ዕዳው ይደራደሩበታል፤ ድባቴው ይታከማል፤ አባቱን ለማናገር ሽማግሌ ይላካል። ስለዚህ በሥልጠናዬ ውስጥ ራስን ማጥፋት ጀግንነት ተብሎ እንዲነገር አልፈቅድም። ፍርሃት ነው ብሎ መሳደብንም እንዲሁ፤ መካከላችን ሞክሮ የተረፈ ሰው ይኖራል፣ እየሰማን ነው።

በዚሁ ላይ ስለ ስልክ አንድ ነገር አክላለሁ። እንዲህ ያለ ሞት ሲደርስ ቪዲዮውን፣ አሟሟቱን፣ ቦታውን በቴሌግራምና በቲክቶክ ማሰራጨት ለሌላው የተጨነቀ ሰው መንገድ መጠቆም ነው። የደረሳችሁን አታስተላልፉ።

መሥሪያ ቤት ሌላ ዓለም ነው

በሰፈር ሰው ሐሜትን ይፈራል፤ በመሥሪያ ቤት እንጀራውን ማጣት ይፈራል። ፋብሪካ ገብቼ ስለ ድባቴ ምልክት ብቻ አውርቼ ብወጣ ማንም አለቃው ፊት እጁን አያወጣም። ስለዚህ መጀመሪያ አለቆቹን ለብቻ አነጋግራለሁ። የምጠይቃቸውም አንድ ጥያቄ ነው፦ ነገ ጠዋት አንዲት ልጅ መጥታ «ራሴን ላጠፋ እያሰብኩ ነው» ብትላችሁ ማን ይቀበላታል? የትኛው ክፍል ትቀመጣለች? ማን ሐኪም ቤት ይወስዳታል? ማሽኗ ላይ ማን ይቀመጣል? ይህ መልስ ሳያገኝ ሠራተኛውን ማሠልጠን ተገቢ አይመስለኝም።

ሕጉንም ይዤ እገባለሁ። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት የሙከራ ጊዜውን የጨረሰ ሠራተኛ ሲታመም እስከ ስድስት ወር የሕመም ፈቃድ አለው፤ የመጀመሪያው ወር በሙሉ ደመወዝ፣ ቀጣዮቹ ሁለት ወራት በግማሽ፣ የመጨረሻዎቹ ሦስት ወራት ያለ ደመወዝ። አዋጁ የአእምሮ ሕመምን ለይቶ አላስወጣም። ይህን የሰው ኃይል ክፍሉም ሠራተኛውም የማያውቁበት ቦታ ብዙ ነው። የሚያውቁትም ቢሆኑ የሕክምና ማስረጃው ላይ ያለውን ማኅተም ይፈራሉ። አማኑኤል ሆስፒታል ከ1930 ዓ.ም. ጀምሮ ሕዝብ ሲያገለግል የኖረ ቤት ነው፤ ስሙ ግን በሰፈር አፍ ስድብ ሆኗል። ስለዚህ ሠራተኛው ከዚያ ያመጣውን ወረቀት ከማስገባት ከሥራ መቅረትን ይመርጣል። የተሳካላቸው ድርጅቶች ያደረጉት ቀላል ነው፦ ማስረጃውን የሚቀበለው አንድ የታመነ ሰው ብቻ ነው፣ ታሽጎ ይቀመጣል፣ የቅርብ አለቃው የሚያውቀው ሠራተኛው ፈቃድ ላይ መሆኑን ብቻ ነው።

አደጋው የሚብስበትን ሰዓት ማወቅም ያስፈልጋል። ከገንዘብ ያዦች ጋር ስነጋገር በሒሳብ ጉድለት የተያዘ ሰው የሚሰማው ኀፍረት ምን ያህል እንደሚከብድ ተረዳሁ። አሁን ደግሞ ከጉድለቱ ጀርባ ብዙ ጊዜ የስፖርት ውርርድ አለ። ቅዳሜ እኩለ ቀን ላይ የስንብት ወይም የክስ ደብዳቤ ይሰጠውና ብቻውን ወደ ቤቱ ይሄዳል፤ እስከ ሰኞ የሚያናግረው ሰው የለም። ለአለቆች የምላቸው ደብዳቤው የግድ ከሆነ በሳምንቱ መጀመሪያ፣ ጠዋት፣ የሚያምነው የሥራ ባልደረባ ባለበት ስጡት ነው። ማታ ይደወልለት። ቅጣቱ እንደ ሕጉ ይሂድ፤ ሰውየው ግን ብቻውን አይሂድ።

ሽሮ ሜዳ ላይ ደግሞ ብዙ ሰው የሚሠራው የሰው ኃይል ክፍል በሌለበት ነው። ከጋሞ አገር መጥተው ሸማ የሚሠሩ ወጣቶች በአንድ ክፍል ተጋርተው ይኖራሉ፣ እዚያው ይሠራሉ፣ ቤተሰባቸው ሩቅ ነው። ሥልጠና ብለው ከሥራቸው ተነሥተው አይመጡም፤ ያልሠሩበት ቀን ያልበሉበት ቀን ነው። ከነሱ ጋር በየጊዜው የሚገናኘው ክር ሻጩና ጥበቡን የሚረከበው ነጋዴ ነው። ስለዚህ የሱቅ ባለቤቶችን ማሠልጠን ጀመርን። «ሥራው ለምን ዘገየ?» የሚለውን ጥያቄ «ምን ሆነህ ነው የዘገየኸው?» ብለው እንዲቀይሩት ነው መጀመሪያ የጠየቅናቸው።

ከጥያቄው በኋላ

አሜሪካዊው ሳይኮሎጂስት ፖል ኩዊኔት በ1995 እ.ኤ.አ. ያስተዋወቁት በብዙ አገር የሚሰጥ አጭር ሥልጠና አለ። ሦስት እርምጃ ነው፦ ጠይቅ፣ አሳምን፣ ወደ ባለሙያ ላክ። እኔ ሦስተኛውን ቀይሬ «አብረህ ሂድ» ብዬ ነው የማስተምረው። ተስፋ የቆረጠ ሰው የሪፈር ወረቀት ይዞ ብቻውን ወረፋ አይጠብቅም። ካርድ ክፍል ላይ «ምንህን ነው የሚያምህ?» ተብሎ ሰው ፊት ሲጠየቅ ዞሮ ይሄዳል። አብሮት ያለው ሰው ወረፋውን ይይዛል፣ መታወቂያውንና የጤና መድን ደብተሩን ያቀርባል፣ ሐኪሙ ፊት ሲደርሱም «እንዲህ ብሎኛል» ብሎ ያልተነገረውን ይናገራል።

መንገዱን በዝርዝር እነግራቸዋለሁ። አደጋው ለዛሬ ካልሆነ በቅርብ ያለው ጤና ጣቢያ፤ ከዚያ ካስፈለገ ወደ ሆስፒታል ይጻፋል። እኛ ጉለሌዎች ጳውሎስ ሆስፒታል በደጃችን ስለሆነ ዕድለኞች ነን። አደጋው ለአሁን ከሆነ ግን ቀጠሮ የለም፤ ማንኛውም ሆስፒታል ድንገተኛ ክፍል፣ በማንኛውም ሰዓት። የቀይ መስቀል አምቡላንስ 907 ነው። እስከዚያ ድረስ ሰውየው ለደቂቃም ብቻውን አይቀመጥም። ቤት ውስጥ ያለ ጉዳት ሊያደርስበት የሚችል ነገር፣ መድኃኒትም ሆነ ኬሚካል፣ ወደ ጎረቤት ቤት ይሄዳል። ይህ ትንሽ ነገር ይመስላል፤ ነገር ግን የከፋው ሰዓት ብዙ ጊዜ አጭር ነው፣ ያን ሰዓት ያሻገርነው ሰው ይኖራል። ስሪላንካ አደገኛ የሆኑ ፀረ ተባይ ኬሚካሎችን በየደረጃው ከገበያ ካገደች በኋላ በሃያ ዓመት ውስጥ ራሳቸውን የሚያጠፉ ዜጎቿ ከግማሽ በላይ ቀንሰዋል።

ቤተሰብ ሐኪም ዘንድ እውነቱን እንዲናገርም ፖሊስን መፍራት የለበትም። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕጋችን በአንቀጽ 542 የሚቀጣው ሌላውን ሰው ራሱን እንዲያጠፋ የገፋፋን ወይም የረዳን ነው። ሞክሮ የተረፈው ሰው በመሞከሩ አይከሰስም። ይህን ስናገር «እርግጠኛ ነህ?» ብለው ሁለት ሦስት ጊዜ ይጠይቁኛል።

ስለ ቀኑ

ራስን ማጥፋትን የመከላከል ዓለም አቀፍ ቀን ሴፕቴምበር 10 ነው፤ በኛ አቆጣጠር ጳጉሜን 5። ለእንቁጣጣሽ ዋዜማ ሰው ዶሮና ሽንኩርት ፍለጋ ላይ ነውና በዚያን ቀን አዳራሽ አይሞላም። ሥልጠናውን በነሐሴ አጋማሽ ማድረግ ይሻላል። ምክንያቱም በዓሉ ራሱ ለብዙ ሰው ከባድ ነው፤ ለልጆቹ ልብስ መግዛት ያቃተው አባት፣ ከዓረብ አገር ባዶ እጇን የተመለሰች ልጅ፣ ሟች ያለበት ቤት። ሠልጣኞቹ ለበዓል ሲዞሩ ማን ቤት ጎራ እንደሚሉ አስቀድመው ያስቡበታል።

ከሆስፒታል ለተመለሰ ሰው

በሰፈራችን ሰው ወልዶ፣ ተሰብሮ፣ ቀዶ ሕክምና አድርጎ ሲመለስ ቤቱ በጠያቂ ይሞላል። ብርቱካንና ሙዝ ይዞ የማይመጣ የለም። ራሷን ለማጥፋት ሞክራ ከሆስፒታል ወደተመለሰች ልጅ ቤት ግን ማንም አይሄድም። ክፋት ሆኖ አይደለም፤ ሰው ምን እንደሚል ስለማያውቅ ነው። እሷ ግን ከመቅረታቸው የምትረዳው አንድ ነገር ነው። ከሞከሩ በኋላ ከተረፉት ሰዎች ከአሥሩ ዘጠኝ ያህሉ ኋላ ላይ በዚህ መንገድ እንደማይሞቱ ጥናቶች ያሳያሉ፤ ከሆስፒታል ከወጡ በኋላ ያሉት የመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ግን ጥንቃቄ የሚፈልጉ ናቸው። ሰው በብዛት የሚያስፈልጋቸው ጊዜ ያ ነው።

ስለዚህ የሥልጠናው የመጨረሻ ልምምድ ጥየቃ ነው። ሠልጣኞቹ በጥንድ ሆነው ይገባሉ፣ ይቀመጣሉ። «ለምን እንዲህ አደረግሽ?» አይባልም። «እናትሽን አላሰብሽም?» አይባልም። «እግዚአብሔር ይማርሽ፣ እንኳን ተረፍሽልን» ይባላል፤ ለማንም በሽተኛ እንደሚባለው። ብርቱካኑም ይያዛል። ቡና ከተፈላ ይጠጣል፣ ስለ ሌላ ነገር ይወራል። ከመውጣታችሁ በፊት ደግሞ «ቀጠሮሽ መቼ ነው? ማን አብሮሽ ይሄዳል?» ብላችሁ ጠይቁ። አብሯት የሚሄድ ሰው ከሌለ ከሁለታችሁ አንዳችሁ ቀኑን ስልካችሁ ላይ መዝግባችሁ ውጡ።